ኢሲጂው ኖርማል ነው ይሉኛል፣ ደረቴን ግን ይወጋኛል

የደረሰኝ ደብዳቤ፦

«ዶክተር እንደምን ነዎት? 25 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ አካውንታንት ነኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግራ ደረቴን ውጋት ይይዘኛል፣ ቦታዋን በአንድ ጣት ላሳይዎት እችላለሁ። የምትቆየው ሰከንዶች ነው፣ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ፣ ግን አየር ስስብ ስለምትብስ ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቃት። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ባልኩበት ነው። ማታ ደግሞ ከራት በኋላ መሀል ደረቴን ያቃጥለኛል። የጀመረኝ አንድ የቢሯችን ልጅ፣ ገና 43 ዓመቱ፣ ሲሰራ ውሎ ማታውን አረፈ ከተባለ በኋላ ነው። ሶስት ክሊኒክ ሄጄ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሳሁ፣ ሶስቱም ኖርማል ነው አሉኝ። አንዱ ብርድ ነው አለኝ፣ አንዱ ጨጓራ፣ አንዱ ጭንቀት ብሎ ኪኒን ጻፈልኝ፣ አልወሰድኩትም። ጂም አቁሜያለሁ። ሌሊት ጉግል ሳደርግ ይነጋብኛል፣ ስማርት ዎች ገዝቼ የልቤን ምት እያየሁ ነው የምተኛው። እናቴ ጸበል እንሂድ ትለኛለች፣ እጮኛዬን አሰልችቻታለሁ። ማክያቶ እወዳለሁ፣ ጫት አልፎ አልፎ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ልቤ ነው ወይስ እያበድኩ ነው? ጂምስ ልመለስ?»
የተጨነቀው፣ ከመገናኛ

ደህና ነኝ ወንድሜ፣ ቀጥታ ልንገርህ፣ ከጻፍከው ተነስቼ ልብህ አይመስለኝም፣ እያበድክም አይደለም። አይመስለኝም ያልኩህ ደረትህን በጆሮዬ ስላልሰማሁት ነው፣ ግን ታሪክህ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ እኛ ደረቴን አመመኝ ብሎ የመጣን ሰው ገና ማሽን ሳይነካው ግማሹን በጥያቄ ነው የምንጨርሰው፣ የቱ ጋ ነው፣ ምን ስታደርግ ነው የሚመጣው፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ ምን ያብሰዋል ምን ያስታግሰዋል፣ ላብ አለው ወይ። አንተ ሳትጠየቅ አብዛኛውን መልሰህልኛል።

ያቺ ውጋትህን እንያት። በአንድ ጣት ትጠቆማለች፣ ቁጭ ብለህ ኪቦርድ ላይ ጎንበስ ባልክበት ትመጣለች፣ ትንፋሽ ስትስብ ትብሳለች፣ ሳታክማት ትሄዳለች። ይሄ ነገር ስም አለው፣ ፕሪኮርዲያል ካች ይባላል፣ በ1955 እ.ኤ.አ. ሚለር እና ቴክሲዶር የሚባሉ ሀኪሞች ጽፈውበታል፣ በልጆችና በወጣቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ ከልብ ጋር አይገናኝም፣ ምናልባት ከደረት ግድግዳው ነርቭ ወይም ከሳንባው ሽፋን ነው የሚነሳው ይባላል፣ እድሜ ሲገፋ ደግሞ አብዛኛው ሰው ላይ በራሱ ይጠፋል። የሚገርመው አንተ ትንፋሽህን ይዘህ ትጠብቃታለህ፣ ብዙ ሰዎች ግን ቀና ብለው፣ እያመማቸውም ቢሆን አንዴ ጥልቅ አድርገው አየር ሲስቡ ቋ የሚል ነገር ይሰማቸውና ወዲያው ይለቃቸዋል። በሚቀጥለው ስትመጣ ሞክረው፣ ልብህን አትጎዳውም።

ሌላ አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ ፈትሽ። መሀል ደረትህ ላይ ያለውን አጥንት ያዝና ከሱ በስተግራ ጎድን አጥንቶቹ የሚገጥሙበትን ቦታ አንድ በአንድ በጣትህ ጫን ጫን አድርገው። አንዱ ቦታ ላይ አይ ካልክና ህመሙ ያው የምታውቀው ህመም ከሆነ፣ ይሄ ደግሞ ጎድን አጥንትን ከደረት አጥንት የሚያያይዘው ለስላሳ አጥንት ተቆጥቷል ማለት ነው፣ ኮስቶኮንድራይተስ የምንለው። ጂም ቤንች ፕሬስ ስታበዛ ይመጣል፣ ኃይለኛ ሳል ከያዘህ በኋላ ይመጣል፣ የጋዝ ሲሊንደር አራተኛ ፎቅ በደረጃ ያወጣ ሰውም ይዞት ይመጣል። ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይቆያል፣ ይሄ ነው ሰውን የሚያስጨንቀው፣ ቶሎ ስለማይለቅ ከባድ ነገር ይመስላል። በዚህ ላይ አንተ እየደጋገምክ እየተጫንከው ከሆነ፣ እጠረጥርሃለሁ፣ መቼም አይድንም። አንዴ ፈትሽና ተወው።

የማታው ማቃጠል ቃር ነው የሚመስለው። ራት ስንት ሰዓት ነው የምትበላው? ከስራ ሶስት ሰዓት ገብተህ፣ ቅባት የበዛበት ወጥ በበርበሬ በልተህ፣ አራት ሰዓት ላይ ስልክህን ይዘህ ጋደም ካልክ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ነው የሚመጣው፣ ጉሮሮ ቧንቧው ደግሞ ከልብ ኋላ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ሲቃጠል ልብ ጋ ይመስላል፣ ሀኪምም እኮ አንዳንዴ ይቸገራል። በበላህና በተኛህ መሀል ሁለት ሶስት ሰዓት ይኑር፣ የአልጋውን ራስጌ በእንጨት ከፍ አድርገው (ትራስ መደራረብ ሳይሆን በራስጌ በኩል ያሉትን የአልጋውን እግሮች)፣ በባዶ ሆድ ማክያቶ ይቅር። የአሲድ መቀነሻው ኦሜፕራዞል ከታዘዘልህ ደግሞ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ነው የሚወሰደው፤ ሰዉ ሁሉ ሲያቃጥለው ከምግብ በኋላ ይውጠውና አልሰራልኝም ይላል። ለደረቱ ብለህ ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛህ የምትውጥ ከሆነም ንገረኝ፣ ጡንቻውን እያስታገሰ ጨጓራህን ይልጠዋል፣ ከዛ ሌላ ህመም መጣብኝ ትላለህ።

እና አየህ፣ ሶስቱ ክሊኒኮች ሶስት የተለያየ ነገር ስላሉህ ማንም አያውቅም ብለህ ደምድመሃል፣ እኔ ግን ሶስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ ባይ ነኝ። ብርድ ነው ያለህ የደረት ግድግዳውን ማለቱ ነው፣ እኛ ሀገር የጡንቻና የጎድን ህመም ሁሉ ብርድ ነው የሚባለው። ጨጓራ ያለህ የማታውን ሰምቶ ነው። ጭንቀት ያለህ ደግሞ አይንህን አይቶ ነው። ጥፋታቸው አንዳቸውም ቁጭ ብለው አላስረዱህም፣ ወረቀቱን ሰጥተው ኖርማል ነህ ቀጣይ ብለውሃል። ሰው ደግሞ ኖርማል ነህ ሲባል ህመሙ ውሸት ነው የተባለ ነው የሚመስለው። ህመምህ ውሸት አይደለም፣ ምንጩ ነው ሌላ ቦታ።

አሁን ወደ ባልደረባህ ልምጣ፣ ነፍሱን ይማር፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የጀመረው እዛ ጋ ነው። 43 እና 25 አንድ አይደለም። በአርባዎቹ ያለ ሰው ላይ ድንገት የሚመጣው ብዙ ጊዜ የልብ ደም ስር መዘጋት ነው፣ ለዓመታት ያልተለካ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ኮሌስትሮል ሲጠራቀም የሚመጣ፣ እሱ ምን እንደነበረበት ግን እኔም አላውቅም አንተም አታውቅም። በወጣት ላይ ድንገተኛ ሞት የለም አልልህም፣ ኳስ የምታይ ከሆነ የካሜሩኑን ፎኤን ትሰማ ይሆናል፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ሊዮን ላይ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወቱ ማንም ሳይነካው ሜዳ ላይ ወደቀ፣ 28 ዓመቱ ነበር፣ ሲመረመር የልቡ ጡንቻ ከልክ በላይ የወፈረ ነበር። ኤሪክሰንን ደግሞ ሁላችንም በቲቪ አይተነዋል፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ከፊንላንድ፣ ልቡ ቆመ፣ እዛው ሳሩ ላይ ደረቱን እየተጫኑ በማሽን መለሱት፣ ዓመት ሳይሞላው ደረቱ ውስጥ መሳሪያ ተቀብሮለት ፕሪሚየር ሊግ ተጫወተ። እነዚህ ቪዲዮዎች ቲክቶክ ላይ ሲዞሩ ወጣቱ ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ግን ልብ በል፣ ሁለቱም የወደቁት በጨዋታ መሀል ነው፣ ቢሮ ቁጭ ባሉበት በአንድ ጣት የምትጠቆም ውጋት ይዟቸው አይደለም። እኛ በወጣት ላይ የሚያስፈራን ምልክት ሌላ ነው፤ ሲሮጥ ወይም ደረጃ ሲወጣ ራሱን ስቶ የወደቀ፣ ወይም ከቤተሰቡ ውስጥ ከ50 ዓመት በታች ድንገት የሞተ ዘመድ ያለው። አንተ ሁለቱንም አልጻፍክልኝም፣ ካለ ግን ይሄን አንብበህ ሳትጨርስ ቀጠሮ ያዝ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያስፈልግሃል።

ለእኛ ሀገር ወጣት ግን ከሃርት አታክ ይልቅ እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነገር አለ፣ ጉግልም ስለማይነግርህ ነው እዚህ የማቆይህ። እናትህን ጠይቃት፣ ልጅ እያለህ ቶንሲል ይመላለስብህ ነበር ወይ፣ ከዛ በኋላ ትኩሳት ይዞህ ጉልበትህ ቁርጭምጭሚትህ እያበጠ ተኝተህ ታውቃለህ ወይ፣ በየወሩ መርፌ ይወጋ ተብለህ ነበር ወይ። በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ሩማቲክ የሚባለውን በሽታ ያመጣና የልብን በሮች ያበላሻል፣ ጥቁር አንበሳ የልብ ክሊኒክ ደጃፍ ተራ ከሚጠብቁት ስንቶቹ በዚህ ምክንያት የመጡ ወጣቶች ናቸው መሰለህ። እሱ ቢሆን ግን ዋናው ምልክቱ ውጋት ሳይሆን ትንፋሽ ነው፣ ድሮ ሳታርፍ የምትወጣውን ዳገት አሁን ሁለቴ ቆመህ ትወጣዋለህ፣ ማታ ጠፍጣፋ መተኛት ያቅትሃል፣ እግርህ ያብጣል። ሀኪም ስቴቶስኮፕ ደረትህ ላይ ሲያደርግ ድምፁን ብዙ ጊዜ ይሰማዋል። ለዚህ ነው ልጠይቅህ የፈለግኩት፣ ከሶስቱ ክሊኒክ ማን ደረትህን አዳመጠ? ኢሲጂ ጥሩ ነገር ነው ግን የልብ በር አያሳይም፣ በጆሮ መሰማትና በእጅ መፈተሽን አይተካም።

ስለዚህ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ሙሉ የሆነ ምርመራ አድርግ። አራተኛ ኢሲጂ አይደለም እያልኩህ ያለሁት። አንድ የውስጥ ደዌ ሀኪም ምረጥ፣ ሶስቱንም የኢሲጂ ወረቀት ይዘህ ሂድ፣ ለእኔ የጻፍከውን ደብዳቤ አሳየው፣ ደም ግፊትህን ይለካ፣ ያዳምጥህ፣ ደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን አንዴ ይታይልህ ምክንያቱም ሁለቱም ልብ ያስመታሉ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ ንገረው፣ ቲቢ ገና ከሀገራችን አልወጣም፣ ራጅ ያዝዝልሃል። ደህና ነህ ካለህ አልቋል፣ ሌላ ክሊኒክ የለም።

መሮጥ ያለብህ መቼ ነው፣ እሱን እወቅና ሌላውን ተወው፤ መሀል ደረትህን አፍኖ የሚጫን ህመም መጥቶ ከ10፣ 15 ደቂቃ በላይ ካልለቀቀህ፣ ወደ ግራ ክንድህ ወይ ወደ መንጋጋህ ወይ ወደ ጀርባህ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀህ፣ ማስታወክና ራስ መሳት ካለበት፣ ስትራመድ መጥቶ ስትቆም የሚለቅህ ከሆነ። ድንገት በአንድ ጎን ወግቶህ ትንፋሽ ካጠረህም እንደዛው፣ ረጅም ቀጭን ወጣቶች ላይ ሳንባ በራሱ ተንፍሶ አየር ሊያመልጥ ይችላል። አንድ እግርህ ብቻ አብጦ ደረትህን ካመመህ፣ ደም ስታስልም ጭምር። ስትተኛ የሚብስ፣ ወደፊት ስታጎነብስ የሚሻልህ ትኩሳት ያለው ህመም ከሆነም የልብ ሽፋን ብግነት ሊሆን ስለሚችል በዛው ቀን መታየት ነው። በነዚህ ጊዜ ጉግል የለም፣ ማክያቶ ጠጥቼ ልይ የለም፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውል ወይም ያገኘኸውን ታክሲ ይዘህ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግባ፣ መኪናውን ግን አንተ አትንዳ።

ጫቱ ጋ ደርሰናል፣ አልፎ አልፎ ያልካትን ቃል አይቻታለሁ። እኔ ልሰብክህ አይደለም፣ ግን ስለ ልቡ የሚጨነቅ ሰው ሰዓት ገዝቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫት መቃሙ አይገባኝም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፣ ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የልብን ደም ስር ሊያኮማትር ይችላል፣ ወጣት ሆነው ሃርት አታክ ይዟቸው ከሚመጡት ውስጥ ስንጠይቅ ጫትና ሲጋራ አብረው ሲገኙ የምናየው ለዚህ ነው። የቅዳሜው ጫት፣ ለምርቃና ማብረጃ የምትጠጣው ቢራ፣ የእሁድ እንቅልፍ ማጣት፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ማክያቶ፣ ከዛ ሰኞ ልቤ መታ ትለኛለህ፣ እንዴት አይመታ! ጂም ስትገባ የሚሸጡልህ ዱቄትና ኢነርጂ ድሪንክም ብዙ ጊዜ ካፌይን አለበት። ከሁሉም አንዱን ብቻ ቁረጥ ብትለኝ ጫቱን ነው የምቆርጠው፣ ማክያቶውን በቀን አንድ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ፈቅጄልሃለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ኑሮህን የያዘብህ ውጋቷ አይደለችም፣ ፍተሻው ነው። ውጋቷ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ናት፣ የቀረውን ሰዓት ሁሉ የወሰደብህ መጠበቁ፣ ምትህን መቁጠሩ፣ ጉግሉ ነው። ስትፈራ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ የደረት ጡንቻ ይጨመደዳል፣ ሳታውቀው ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለህ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድህ ይቀንስና ጣቶችህና ከንፈርህ ዳር ይደነዝዛል፣ ያኔ ይኸው ክንዴ ደነዘዘ ብለህ ይብስብሃል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ አካባቢ ጣሪያ ነክቶ ይወርዳል፣ አስገድደህ ማውረድ የለብህም፣ ትንፋሽ ማስገባቱን ሳታበዛ ማስወጣቱን ረዘም አድርግ፣ እስከ አራት ቆጥረህ አስገባ እስከ ስድስት ቆጥረህ አስወጣ። ይሄ አንተ የጀመርከው ነገርም አይደለም፣ ዳ ኮስታ የሚባል አሜሪካዊ ሀኪም በ1871 እ.ኤ.አ. ከእርስ በርስ ጦርነታቸው ወታደሮች ወደ 300 የሚሆኑትን ጽፎ አሳትሟል፣ ደረታቸውን ይወጋቸዋል፣ ልባቸው ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ልባቸው ሲታይ ግን ምንም የለበትም። ፈሪ ስለነበሩ አይደለም፣ ወታደር ናቸው እኮ።

ፍተሻው ደግሞ እንደ እከክ ነው፣ ስታከው ይጥማል፣ ከዛ ያቃጥልሃል። ኢሲጂው ኖርማል ሲባል ስንት ቀን ነው ደስ ያለህ? ታክሲ ውስጥ ሳለህ ማሽኑ ባይሰራስ ብለህ የጀመርክ ይመስለኛል። ሰዓቱን ለሁለት ሳምንት ለእጮኛህ ስጣት፣ ሰዓት ሃርት አታክ አይለይም፣ የሚያሳይህ ምት ብቻ ነው፣ እሱም ስታየው ይጨምራል፣ ጂም የለመደ ሰው ደግሞ ተኝቶ ከ50 በታች ሊወርድ ይችላል፣ አንተ በሌሊት ነቅተህ 48 ስታይ ልቤ ሊቆም ነው ትላለህ። ጉግሉን ጨርሶ ተው፣ ቀስ በቀስ አልልህም። እጮኛህን ደግሞ እንዲህ በላት፣ ምንም አትሆንም አይደል ብዬ ስጠይቅሽ አትመልሺልኝ፣ ዶክተሩ አይቶሃል በይኝና ወሬ ቀይሪ። መጀመሪያ ሰሞን ትናደድባታለህ፣ ይሁን። የባልደረባህን ነገር ግን አውራት፣ ለቅሶ ደርሰህ ተመለስክ እንጂ ማዘንህን ለማንም የነገርክ አይመስለኝም።

በዚህ ሁሉ ካልቀለለህ ኪኒን የጻፈልህ ጋ ተመለስና ምን እንደሆነ አስረዳኝ በለው፣ ወይም ሳይኮሎጂስት ጋ ሂድ፣ ለዚህ አይነት ፍርሃት የንግግር ህክምናው በደንብ ይሰራል። የአእምሮ ሀኪም ማየት ማበድ አይደለም፣ ይሄን በ25 ዓመትህ ልነግርህ አይገባም ነበር። እናትህን ጸበል አልሄድም ብለህ አትጣላት፣ ሂድ፣ ሆድህም ባዶ ከሆነ ቀስ ብለህ ጠጣ፣ የሀኪም ቀጠሮህን ግን በጸበል አታስተላልፍ።

ጂሙን በተመለከተ፣ ሀኪሙ አዳምጦህ ደህና ነህ ካለህ በማግስቱ ግባ። ለሁለት ሶስት ሳምንት ቤንች ፕሬስና ፑሽ አፕ ይቅሩ፣ እግርና ጀርባ ስራ፣ ትሬድሚሉ ላይ እያወራህ መሮጥ በምትችልበት ፍጥነት ጀምርና በየሳምንቱ ጨምር። ልብህ 150 ሲመታ ይሰማሃል፣ መምታት አለበት፣ እየሮጥክ ነው። ውጋቷ እዛም ብትመጣ ቀና በል፣ አየር ሳብ፣ ቀጥል፤ አፍኖ የሚጫን ነገር ከሆነ ግን አቁምና ከላይ የጻፍኩልህን አድርግ። የሀኪሙን መልስ ደግሞ ጻፍልኝ፣ በተለይ እናትህ ስለ ቶንሲሉ ያለችህን።